ከፊት የተከፈቱት ቀሚሶች

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ሠርግ ዲላ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ስወርድ አንድ ጠረን መንገድ ላይ አስቆመኝ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ የከሰል ካውያ ጠረን ነው፤ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ የማሽን ዘይት፣ ትንሽ የተለበለበ ክር። ዞር ስል የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ነው። መብራት ጠፍቶ ኖሮ አንዱ የድሮውን ካውያ አውጥቶ ከሰሉን በካርቶን ያራግባል። ዘመዶቼ እየጠበቁኝ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት መኸር መጣብኝ፤ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው የተጠራጠረበት መኸር።

አባቴ ያን ዓመት ወርቃ የምትባል የቡና አገር ነበር። አዲስ የቡና ማጠቢያ ሲተከል በመካኒክነት ተቀጥሮ ከግንቦት ጀምሮ እዚያው ከረመ። ወደ ዲላ የመጣው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው። ያን ጊዜም እናቴ "ናሆምን ያስለዋል" ብላ ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተኛች፤ ልብሷን ሳታወልቅ። እኔ ደስ አለኝ። አባቴ ግን ጠዋት ቁርሱን በላና ካሰበው ቀን ቀድሞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እናቴ ታደለች መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ቀሚሶቿ ሁሉ ከኋላ በዚፕ የሚዘጉ ነበሩ። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና እኔ ከኋላዋ ቆሜ ዚፑን ከወገቧ እስከ አንገቷ እስበዋለሁ። መሃል ላይ አንድ የሚነክስ ቦታ አለው። እዚያ ጋ ስደርስ ጨርቁን ወጠር አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ ማሳለፍ አለብኝ። "ቆዳዬን እንዳትይዢኝ" ትላለች ሁልጊዜ። የቀኔ የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር፤ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚችለው ያለም አይመስለኝም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሷን ፌስታል ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ።

"ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ለጋሽ ሸምሱ ስጪልኝ። የኋላውን ዚፕ ይንቀለውና ይድፈነው። ከፊት ይክፈተው፣ በቁልፍ።"

"ለምን?"

"ስለፈለግሁ።"

እናቴ "ስለፈለግሁ" የምትል ሴት አልነበረችም። ጨው ለምን ከወጡ ኋላ እንደሚገባ ብጠይቃት እንኳ ምክንያቱን ትነግረኝ ነበር። ፌስታሉን ይዤ ስሄድ ሥራዬን የነጠቀኝ ነገር ምን እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ።

ጋሽ ሸምሱ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ ዲላ የቀረ፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሽማግሌ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ አረፍ እልና ቁልፍ መትከል ያስተምረኝ ነበር። "ቁልፍ አንገት ይፈልጋል" ይላል፣ ክሩን ከቁልፉ ሥር እየጠመጠመ። "አንገት ካልሠራሽለት ይታነቃል።" የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ እንደሚተከልም ያወቅሁት ከእሱ ነው።

ቀሚሱን ገለባብጦ አየው። ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው።

"ይሄ ምንም አልሆነም እኮ።"

"ከፊት ይከፈት ብላለች እማዬ።"

አጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ መለሰው። "እሷ ራሷ ትምጣ" አለ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ሲያሳልፍ እናቴ "ውይ!" ብላ ጮኸች። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያት። "ሜትሩ ቀዘቀዘኝ" አለች። ሹራብ ለብሳ ነበር፤ ሜትር በሹራብ ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አልገባኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ጠጋ ስል ጋሽ ሸምሱ አየኝ።

"ትዕግሥት፣ ሂጂ ከሰሉን አራግቢልኝ።"

ከሰሉ ደህና አድርጎ ፍም ሆኗል። ልጅን ለማራቅ ካልሆነ በቀር ማንም የፈመ ከሰል አያስራግብም። ያን ቀን ነው ነገር እንዳለ እርግጠኛ የሆንኩት።

ቀሚሱ ሲመለስ ከደረት እስከ ወገብ ተከፍቶ ትልልቅ የኮት ቁልፍ ተተክሎበታል። ቀዳዳዎቹም ሰፋፊ ናቸው። ሳገላብጠው ግን ቁልፎቹ ያሉት በቀኝ በኩል ነው። ከበሩ ኋላ ከተሰቀለው የአባቴ ሸሚዝ ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ዓይነት። እየሮጥኩ ወደ በረንዳው ተመለስኩ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ተሳስተሃል። የወንድ አድርገኸዋል።"

"አልተሳሳትኩም" አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ያየችውን ሳትናገር ማለፍ አይሆንላትም። ቦኖ ውሃ ተሰልፈን እናቴን አየቻትና ሳቀች።

"ታደለች፣ ከፊት ከፍተሽ ለበስሽሳ! ማንን ልታጠቢ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ ጀሪካኗን በቀኝ እጇ አንስታ ሄደች። ሳቁ ቶሎ ቆመ፤ ከዚያ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ያን መተያየት አየሁ። ወንድሜ ናሆም ጡት ከተወ ቆይቷል፤ አባቴ ወርቃ ነው። የእነሱን ሐሳብ ግማሹን እንኳ ባላውቀውም የራሴን አገኘሁ፦ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ የምታጠባ ሴት ልብስ ነው። ስለዚህ ሕፃን ሊመጣ ነው። ቁልፉ በወንድ በኩል የሆነውም ሕፃኑ ወንድ ስለሆነ ነው። ሴት ብትሆን ኖሮ ጋሽ ሸምሱ በግራ ይተክለው ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴን መሰለል ጀመርኩ። ናሆምን በግራ ጎኗ ማዘል ትታለች። ቡና ስትለቅም ግራ እጇ ጭኗ ላይ ይተኛል፤ ቀኟ ብቻ ይሠራል። ሌሎቹን ቀሚሶቿንም ከፊት አስከፈተች፤ ልብሷን ስትለውጥ በሩን ትዘጋለች። በሆዷ በኩል አየኋት፤ ምንም የለም፣ እንዲያውም ቀጥናለች። ግን ሕፃን በሆድ በኩል ብቻ ነው የሚመጣ ያለው ማነው? መዝሙሩንም ተወች። እሁድ ከኋላ ወንበር ላይ በነጠላ ተሸፋፍና ትቀመጣለች።

"ጋዋንሽስ?" አለቻት እትዬ አልማዝ ከጸሎት በኋላ።

"ሰፊው ጋ ነው።"

"እሱም ከፊት ሊከፈት?"

እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። እትዬ አልማዝ ዓይኗን ወደ ሆዷ ጣል አደረገች። ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም አይታለች።

ጥቅምት ውስጥ አክስቴ አስናቀች ከደጋው ቡሌ መጣች። ወፍራም ሹራቧን እንደለበሰች፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክማ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባች። አክስቴ እጅግ የምወዳት ሴት ናት፤ አማርኛዋ ግን ወንድና ሴት አይለይም። እኔን "አንተ ልጅ፣ ና" ትለኛለች፤ ናሆምን "አንቺ"። ያን ቀን ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው በጌዴኦኛ ማውራት ያዙ። እኔ ጌዴኦኛ እሰማለሁ፤ እነሱ ግን መደበቅ ሲፈልጉ ይፈጥናሉ። ከፍጥነቱ መሃል አንዲት ቃል ብቻ ደጋግማ ወደ ጆሮዬ ገባች፦ "ጡት"። ጥርጣሬዬ ሁሉ ልክ ሆነ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ "ሐዋሳ ለቅሶ አለብኝ" አለች። ማን እንደሞተ ስጠይቃት "አታውቂውም" አለችኝ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ጥቁር ይለብሳል፤ እሷ ሰማያዊውን ቀሚስ ነው የለበሰችው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ፎጣና የሌሊት ልብስ አጣጥፎ አይይዝም። ስልኳን ለአክስቴ ትታ፣ ናሆምን አቅፋ አንገቱ ሥር አሸተተችው፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ እኔን በር ላይ ያዘችኝ።

"አባትሽ ቢደውል ሥራ ላይ ናት በዪው። አታስጨንቂው። ቡናው ደርሷል።"

"ለአባዬ ልዋሽ?"

"ትዕግሥት።" ስሜን ብቻ ነው የጠራችው።

ሐዋሳ የሚኖረው አጎቴ ሚስቱ ወላይታ ናት፤ ከአክስቴ ጋር የሚያግባባቸው አማርኛ ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ደወለች። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ። አክስቴ ቆማ ነበር፤ እየሰማች ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ወጣ?" አለች። "በሰላም ወጣ? ... ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ። ... አሁን ተኝቷል? ... ይተኛ፣ ይተኛ። አትቀስቅሱት።"

ስልኩን ዘግታ በሹራቧ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ሕፃኑ ወጥቷል። ወንድ ነው። ተኝቷል። ከአክስቴ አፍ የሰማሁትን ማን ይክድብኛል?

አባቴ የሚደውለው እሁድ ነበር፤ ኔትወርክ ለማግኘት ከማጠቢያው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ መውጣት ነበረበት። ሲደውል አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ አነሳሁት።

"እናትሽን ስጪኝ።"

"ሥራ ላይ ናት።"

"እሁድ?"

እሁድ መሆኑን ረስቼዋለሁ። በስልኩ ውስጥ ንፋስ ይሰማል።

"ትዕግሥት፣ እናትሽ የት ናት?"

"ሐዋሳ። ለቅሶ ነው ብላለች። ግን ለቅሶ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ሕፃኑ ወጥቷል። ወንድ ነው። ተኝቷል።"

"የማን ሕፃን?"

"የእማዬ።"

ንፋሱ ብቻ ቀረ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባዬ?" አልኩ።

"በምን አወቅሽ?" ድምፁ የእሱ አይመስልም።

"ጋሽ ሸምሱ ቀሚሷን ሁሉ ከፊት ከፈተላት። እንድታጠባ።"

አሁን በእርግጥ ተቋረጠ። ለአክስቴ አልነገርኳትም። አባቴ እንደ እኔ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን አላስቀምጥ አለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የእናቴን ነጭ ጋዋን ጠርዙን ይዤለት ጋሽ ሸምሱ ያስተካክላል። አንድ ሞተር ሳይክል መጥቶ ከደረጃው ሥር ቆመ። አባቴ ከኋላው ወረደ። እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል፣ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች። እኔን አላየኝም። የሚያየው ጋዋኑን ነው።

"የማን ነው ይሄ?"

"የባለቤትህ" አለ ጋሽ ሸምሱ። "ና ቁጭ በል፣ ታምራት።"

"አልቀመጥም። ሚስቴ ምን ብላህ ነው ልብሷን ያስከፈተችህ? ለማን ነው?"

አጠገብ ያሉት ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ጋሽ ሸምሱ መነጽሩን አውልቆ በጀለቢያው ጫፍ ወለወለው።

"ለማንም አትንገር ብላኛለች።"

"ለባሏም?"

"ለባሏ በተለይ።"

አባቴ ደረጃውን ወጣ። የሚመታው መስሎኝ ጋዋኑን ጣልኩ። ጋሽ ሸምሱ ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ የአባቴን ግራ ክንድ ያዘና ከጎኑ ጋር አጣበቀው።

"እንዲህ ያዘው። አታንቀሳቅሰው። አሁን ሸሚዝህ ተዛንፏል፣ ፈተህ ቆልፈው።"

"ትቀልዳለህ?"

"ወላሂ አልቀልድም። ቆልፈው።"

አባቴ ለምን እንደታዘዘው እስከዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ሽማግሌው ድምፁን ከፍ ስላላደረገ ይሆናል። በቀኝ እጁ ብቻ አንዱን ቁልፍ ፈታ፤ መልሶ ሊያስገባው ታገለ። ቁልፉ ሾለከ። እንደገና ሞከረ።

"አሁን ደግሞ ከኋላህ ዚፕ አለ በል" አለ ጋሽ ሸምሱ። "ከክረምት ጀምሮ ያለችው እንዲህ ነው። ግራ ክንዷ አይነሳላትም። ቁልፉን ትልቅ ያደረግሁት፣ በቀኝ የተከልኩት፣ ያለ ረዳት በአንድ እጇ እንድትዘጋው ነው። ሜትር ሳሳልፍባት ጮኸች። ምን ሆነሽ ነው ብላት ጡቴ ላይ እብጠት አለ አለችኝ። ሐኪሞቹ ይውጣ ብለዋታል። ለማንም አትንገር አለችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን አንተ የመጣኸው በሌላ ነገር ነው፤ ዝም ብል ሐሜቱን ማጽደቅ ይሆንብኛል።"

አባቴ ግራ ክንዱን ከጎኑ እንዳጣበቀ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የሚለቀው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ወዲያው ለአክስቴ ነግሮ እኔን ይዞኝ ሐዋሳ ሄደ። ሆስፒታሉ ውስጥ ረጅም ክፍል ነበር፣ አልጋ በአልጋ። እናቴ ከመስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። አባቴን ስታየው ለመነሳት ሞከረች።

"ቡናውን ለማን ትተህ መጣህ?"

እሱ ሳይመልስ እኔ አልጋውን ዞርኩ። ከመጋረጃው ኋላ አየሁ። ከአልጋው ሥርም አጎንብሼ አየሁ፤ ነጠላ ጫማና ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ነው ያለው።

"ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።

"ሕፃኑ።"

"የማን ሕፃን?"

"ያንቺ። ወንዱ።"

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረ፤ በጭቃው ሱሪው ላይ፣ በተዛነፈው ሸሚዙ ላይ አለፈ። ምን ተብሎ እንደመጣ ገባት።

"እና አመንክ?"

አባቴ መዋሸት ይችል ነበር። "ከወርቃ ተነስቼ ዲላ እስክገባ አመንኩ" አለ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሸምሱ ነገረኝ።"

"ሸምሱ ባይነግርህስ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ አባቴ።

"ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ።"

"እመጣ ነበር።"

"ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።" ራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "አሁንም መጣህ። ግን ለሌላ ነገር ነው የመጣኸው።"

ከዚያ እኔን ወደ እሷ ሳበችኝ። ትልልቆቹን ቁልፎች በቀኝ እጇ አንድ በአንድ ፈታች። ግራ ደረቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ሜዳ ሆኗል።

"ሕፃን የለም፣ ልጄ። ጡቴ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ አወጡት። የወጣው እሱ ነው።"

"አውጥተው የት አደረጉት?"

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ቁስሏን ነክቷት ጎኗን ያዘች፤ አጠገባችን የተኛችው ሴትም ፊቷን በአንሶላ ሸፍና ሳቀች። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።

ሕክምናው በዚያ አላበቃም። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች፣ ጸጉሯ እየረገፈና እየበቀለ አለፈላት። እኔ የማወራው ግን ስለዚያ መኸር ነው። አባቴ ወደ ወርቃ አልተመለሰም። ልብስ አጠበ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ሠራ፣ ናሆምን አዘለ። እናቴ የጠየቃትን ትመልስለታለች፤ ያልጠየቃትን አትነግረውም። ጠዋት ስትለብስ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ "ተው፣ እችላለሁ" ትለዋለች። ትችላለችም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ያያል።

እትዬ አልማዝ አጥሚት ይዛ መጥታ አለቀሰች። "ታደለች፣ አንደበቴን ይቅር በዪኝ" አለች። እናቴ "ሻይሽ ቀዘቀዘ" አለቻት፤ እትዬ አልማዝም ሻይዋን ጠጣች።

የገና ሰሞን ጋሽ ሸምሱ ጋዋኑን ራሱ ይዞት መጣ። ከፊት ከፍቶታል፤ ቁልፎቹ ላይ ግን የጨርቅ ሽፋን ስላወረደባቸው ከሩቅ ከሌሎቹ ጋዋን አይለይም። በውስጥ በኩል፣ በግራ፣ ጥጥ የሚገባበት ለስላሳ ኪስ ሰፍቶለታል። አንገቱ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት መንጠቆ አለ። "ያለ እሷ ኮሌታው አልቆምልህ አለኝ" ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ተናገረ።

እሁድ ጠዋት እናቴ ጋዋኑን ለበሰች። ቁልፎቹን ዘጋች። መንጠቆዋ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇ ብቻውን ሳብ ቢያደርጋት፣ ገፋ ቢያደርጋት አልያዝ አለች፤ ሁለት እጅ ትፈልጋለች። ግራዋ እስከ ትከሻዋ እንኳ አይደርስም። ልረዳት ብድግ ስል በዓይኗ መለሰችኝ።

"ታምራት" አለች።

አባቴ ከጓሮ መጣ፤ እጁ እርጥብ ነው፤ ሱሪው ላይ ጠረገው።

"ና፣ ይህችን ዝጋልኝ።"

ፊት ለፊቷ ቆመ። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ መንጠቆዋ የስንዴ ቅንጣት ታክላለች። ያዛት፣ አመለጠችው። እንደገና ያዛት። እናቴ አገጯን ቀና አድርጋ ጣሪያውን ታያለች፤ ቆይታ እሱን ማየት ጀመረች። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል በድምፅ ማጉያው የመጀመሪያው መዝሙር ተሰማ።

"አልያዘልኝም" አለ።

"ቀስ በል።"

"እማዬ፣ ጀመሩ እኮ! አረፈድን!" አልኩ በሩ ላይ ሆኜ።

"እናርፍድ" አለች እናቴ።